ከባሕሩ በፊት ድንጋዩ
(ስለ ጠላቂ ጫማና መቅዘፊያ አመራረጥ)

ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ጠላቂ ጫማ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ወደ ጅቡቲ ለሥራ የሚላከው ወጣት ጥቂት አይደለም፤ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስም የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ሰማያዊ ውሃ እያየ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አይሆንለትም። እኛም አልሆነልንምና ባለፈው ዓመት የደረሰብንን ለእንዲህ ያለው ወጣት እንጽፋለን።

የመጥለቅ ትምህርታችንን በጨረስን በሳምንቱ መቅዘፊያ ልንገዛ አንድ ሱቅ ገባን። መቅዘፊያ የምንለው ጠላቂ በእግሩ አጥልቆ ውሃውን የሚገፋበትን፣ የዳክዬ እግር የመሰለውን ነገር ነው፤ በጅቡቲ በፈረንሳይኛው ፓልም ይሉታል። የመረጥነው በቀለሙ ነበር። ቢጫ ነው፤ እንደ ጫማ እግርን እስከ ተረከዝ የሚውጥ፣ በባዶ እግር የሚጠለቅ ዓይነት። ሻጩ ሽማግሌ «ልጄ፣ የምትገባው ከጀልባ ነው ወይስ ከዳር?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ስላልገባን ሣቅ ብለን ከፈልን።

መልሱን ያገኘነው ጉቤት ዳርቻ ላይ ነው። እዚያ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ እስከ ውሃው ይወርዳል፤ ደረቁ እንደ ሞረድ ይፍቃል፣ እርጥቡ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ከመኪናው እስከ ውሃው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ያችን ግን የአየር ሲሊንደርና የእርሳስ ክብደት፣ በጠቅላላው ከ20 ኪሎ የማያንስ ሸክም ይዞ መሄድ ነው። መግባቱስ እንደምንም ሆነ። የተዋረድነው በመውጣቱ ነው። እግርን ሙሉ የሚውጠው መቅዘፊያ ድንጋይ ላይ አያስረግጥም፤ ሲያወልቁት ደግሞ ከሥሩ ያለው ባዶ እግር ብቻ ነው። አንዱን አውልቀን ከሁለተኛው ጋር ስንታገል ሞገድ መጥቶ ጣለን። የቀኝ እግራችን ውስጡ ተሰንጥቆ ሰባት ቦታ ተሰፋ፤ ያወለቅነውም መቅዘፊያ ይኸው እስከ ዛሬ ባሕሩ ዘንድ ነው። አብሮን የነበረው ጓደኛችን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ነበርና ቀጥ ብሎ ቆሞ በክንዳችን ጎትቶ አወጣን። ሁለታችንም ባዶ እግራችንን ብንሆን ኖሮ ማን ማንን ያወጣ ነበር?

የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ሉዊ ደ ኮርሊዩ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ መሣሪያውን ለዋናና ለነፍስ ማዳን ብሎ ነበር የሰየመው። ስለ ውሃው አሰበ እንጂ ስለ ዳሩ ድንጋይ ማሰቡን ለገዢው ትቶታል።

እንግዲህ ከድንጋያማ ዳር ለሚገባ ሰው በቅድሚያ የሚገዛው ጫማው ነው፤ መቅዘፊያው በጫማው ልክ ይፈለጋል። ጫማው ኒዮፕሪን ከሚባለው ስፖንጅ መሳይ ጎማ ይሠራል። ውፍረቱ 3፣ 5 ወይም 7 ሚሊሜትር ሲሆን ይህ ለብርድ የታሰበ ነው፤ ለታጁራ ሞቃት ውሃ 3ቱ ይበቃል። ድንጋይን የሚመክተው ሶሉ ነው። ስለዚህ ጫማውን በእጅ ለማጠፍ መሞከር ነው፤ እንደ ካልሲ ከታጠፈ መልሶ ማስቀመጥ። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል፤ የባሕር ጃርት እሾህ የሚወጋው ከታች ብቻ አይደለምና። የሆነ ሆኖ ጫማ ሁሉን ይከላከላል ብሎ መዝናናት አይገባም። ድንጋይ ዓሣ የሚሉት፣ ከድንጋይ የማይለየው መርዘኛ ዓሣ፣ በጀርባው ላይ ያሉት 13 ያህል እሾሆች ስስ ሶል ይበሳሉ። የተወጋ ሰው እግሩን ሳያቃጥለው ሊታገሠው በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ እስከ 45 ዲግሪ ባለው፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ሐኪም ዘንድ ግን ሳይዘገይ መሄድ አለበት።

ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወደ መቅዘፊያው። የሚፈለገው ተረከዙ ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ባዶ እግርን ለክቶ መግዛት ከንቱ ድካም ነው፤ ጫማው እግሩን ያወፍረዋል። ጣት ከተጨነቀ ውሃ ውስጥ የውስጥ እግር ጡንቻ ይሸማቀቃል፤ ከላላ ደግሞ ሞገድ ይወስደዋል። ማሰሪያው የብረት ጥቅልል ቢሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በአንድ እጅ ተስቦ ይወልቃልና በሞገድ መካከል ለሚቆም ሰው አይወደድም እንላለን። ምላሱ አጭርና ጠንከር ያለ ይሁን። ጥልቀትን በአንድ ትንፋሽ የሚወርዱት የሚያጠልቁት ረጅሙ ዓይነት ያምራል፤ በድንጋይ መካከል ግን እንቅፋት ነው።

አጠላለቁም ዘዴ አለው። በጫማ ብቻ እስከ ወገብ ገብቶ፣ የጓደኛን ትከሻ ይዞ፣ ሞገዱ ጋብ ሲል ማጥለቅ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፊት መራመድ የለም፤ ወደ ኋላ ወይም በጎን ብቻ። ሲወጡም ሞገዱ ካየለ ክብርን ትቶ በእጅና በጉልበት መዳህ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው።

በቀደም ወደዚያው ሱቅ ተመልሰን ነበር። ሽማግሌው አላወቁንም፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁን። «ከዳር» ብለን ጫማችንን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥን። ጥቁር መቅዘፊያ አወጡልን፤ ስለ ቀለሙም አልተከራከርንም። ቢጫው አንድ ብቻውን በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የጎረቤት ልጆች የምን እንስሳ እግር ነው እያሉ ይጠይቁናል።