ኮርኒስ ውስጥ ያሉት ተከራዮች

እናቴ ባሕር ዳር ካለው ቤቷ ጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ታከራያለች። ጡረታዋ ለወር አስቤዛ እንኳ ስለማይበቃ ያ ኪራይ ለእሷ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። ባለፈው ዓመት ተከራይዋ «ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ሽታውም አላስቀመጠኝም» ብሎ ለቀቀ። አይጥ መስሎን ነበር፤ የሌሊት ወፍ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ተቀምጬ በስልክ አንድ የጥገና ሠራተኛ ቀጠርኩ። ልጁ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ደፈነው። ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ግን የሌሊት ወፍ ቀን ቀን የት ነው ያለችው? እቤቷ! ተኝተው ሳለ ነው የዘጋንባቸው። እማዬ ሁለት ሌሊት ሲንጫጩ ሰማች፤ ከዚያ ዝም አሉ። በሳምንቱ ግቢው በሙሉ ሸተተ። ኮርኒሱ ተቀድዶ ሲወርድ ጸጉር ያላወጡ ግልገሎችም አብረው ወረዱ።

«ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ነው እኮ የሞቱት» አለችኝ በስልክ። መልስ አልነበረኝም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው «ርካሽ» ከማለቱ በፊት ሙሉውን ወጪ መቁጠር ነበረበት። አዲስ ኮርኒስ፣ ቀለም፣ ሦስት ወር ያለ ተከራይ። ይሄ የእኛ ኪስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የሌሊት ወፎች ተባይ በመብላት ለአሜሪካ ግብርና በዓመት ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅም እንደሚሰጡ ገምቷል። የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኢኮኖሚስቱ ኢያል ፍራንክ ጥናት ነው። የሌሊት ወፎች በፈንገስ በሽታ ባለቁባቸው የአሜሪካ ወረዳዎች ገበሬዎች የፀረ ተባይ መድኃኒት አጠቃቀማቸውን በ31 በመቶ ገደማ ጨመሩ፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ደግሞ ወደ 8 በመቶ ከፍ አለ። እኛ በተረት የምናውቃት፣ የወፎች ግብር ሲጠየቅ «አይጥ ነኝ»፣ የአይጦች ሲጠየቅ «ወፍ ነኝ» የምትለው ግብር አጭበርባሪ፣ ለካስ ግብሯን በሌላ መንገድ ስትከፍል ኖራለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዋናው ቤት ገቡ። እማዬ ደወለችና «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ መላ በይ፤ ያን ነገር ግን ዳግም አልሰማም» አለች። በዚህ ጊዜ ራሴ ሄድኩ።

ሥራው በአብዛኛው መቀመጥ ነው። ሁለት ምሽት ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥተን፣ ቡና እየጠጣን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በየት በኩል እንደሚወጡ ቆጠርን። ከመውጫቸው ሥር ግድግዳው በቅባትና በኩስ ስለሚጠቁር ቀንም ይታወቃል። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ በባትሪ አየሁ፤ ግልገል አልነበረም። ቢኖር ኖሮ መብረር እስኪችሉ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነበር፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ብቻ ነው፣ የሞተውን ቶሎ አይተኩም።

ዋናውን መውጫ ብቻ ትተን ሌላውን ሁሉ ደፈንን፤ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ቀዳዳ ትበቃቸዋለችና ትንሿም አትናቅም። በዋናው ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ክንድ የማይሞላ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታች አዘንብለን አሰርን፤ በውጪው ጫፍ ሁለቱም አፉ የተከፈተ ስስ ፌስታል እጅጌ አደረግንለት። ሲወጡ ይንሸራተታሉ፤ ሲመለሱ ግን ፌስታሉ ይጣበቃል፣ ፕላስቲኩም ለጥፍራቸው መያዣ የለውም። ሳምንት ሙሉ ሳንነካው ቆየን። አንድም ሳይወጣ ሁለት ምሽት ሲያልፍ ቱቦውን አንስተን ቀዳዳውን ዘጋን። ቱቦ፣ ፌስታልና ሽቦ፣ ከአንዱ ኮርኒስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ኩሱን ስንጠርግ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ መጀመሪያ ውኃ ረጨንበት፤ ደረቁ አቧራ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ መያዝም የለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በአምስተኛው ቀን እማዬ ደወለች። እየሳቀች ነው።

«ጎረቤታችን መጥታ፣ 'ማታ ማታ ኮርኒሳችን ላይ ምን እንደሆነ እንጃ ይንኮሻኮሻል' አለችኝ።»

ክፍል ውስጥ «የእኔን ወጪ ሌላው ሲሸከመው» ብለን የተማርነው ይኸው ነው። አፈርኩ።

«ምን አልሻት?»

«ቀዳዳውን እንዳትነኪ አልኳት። ቱቦውን ወስጄላታለሁ፤ ዛሬ ማታ ወንበር ይዤ እሷ ጋ ነኝ።»