ሁሉን ቻይ ማለት ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምረን እንናገራለን። ነገር ግን ይህን ቃል ምስጢሩን ሳይረዱ በአፍ ብቻ የያዙት እንደ ሆነ፥ በመከራ ቀን መሰናክል ይሆናል። ልጅዋ የሞተባትን አንዲት እናት ላጽናና በሄድሁ ጊዜ፥ «አባቴ፥ ሁሉን ይችላል ብላችሁ አስተምራችሁናል፤ ታዲያ ልጄን ማዳን አቃተው ወይስ አልወደደም?» ብላ ጠየቀችኝ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የእግዚአብሔርን ኃይል በሁለት ስሞች ትገልጻለች። አንዱ «ከሃሌ ኵሉ» ነው፤ ሁሉን የሚችል ማለት ነው። ሁለተኛው «አኃዜ ኵሉ» ነው፤ ሁሉን የያዘ ማለት ነው። ከጌታ ልደት በኋላ በ325 ዓመት በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318 አባቶች በተቀበልነው ጸሎተ ሃይማኖት የምናገኘው ይህን ሁለተኛውን ስም ነው። ይህም እግዚአብሔር ኃይሉን እንዲያው የሚያሳይ ብርቱ ብቻ ሳይሆን፥ ፍጥረቱ ጸንቶ ይኖር ዘንድ በእጁ የያዘ ጠባቂ መሆኑን ያስረዳል።

እንግዲህ ለእግዚአብሔር የማይቻል ነገር አለን? ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 2 ቍጥር 13 እግዚአብሔር ራሱን ሊክድ እንደማይችል ይነግረናል፤ ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ቍጥር 18 ደግሞ ሊዋሽ እንደማይቻለው ተጽፏል። ይህ ግን ድካም አይደለም። ሰው የሚዋሸው ፈርቶ ወይም ጥቅም ፈልጎ ነው፤ እግዚአብሔር ግን የሚፈራው የለም፥ የሚጐድለውም የለም። የጠራ ምንጭ ድፍርስ ውሃ አያፈልቅም ቢባል፥ ምንጩ ተመሰገነ እንጂ አልተነቀፈም።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ፥ «እግዚአብሔር ራሱ ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላልን?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ራሱን በራሱ ያፈርሳል፤ ክብ የሆነ አራት ማዕዘን እንደ ማለት ነውና። በአፍ ይነገራል እንጂ ሊሆን የሚችል ነገር አይደለም፤ ነገር ያልሆነውም «ሁሉ» ከምንለው ውስጥ አይቈጠርም።

ከዚህም ሌላ፥ እግዚአብሔር የሚችለውን ሁሉ አያደርግም። ሰውን በነጻ ፈቃድ ፈጥሮታልና አስገድዶ አያሳምነውም። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት አባቱን ቢለምን ከ12 ሌጌዎን የሚበልጡ መላእክት ሊሰድለት እንደሚችል ለጴጥሮስ ነግሮታል፤ ነገር ግን አልለመነም። በመለኮቱ ሞት የማይደርስበት እርሱ ስለ እኛ ሰው ሆነ፥ በሥጋም ሞተ። ለመዳናችን ምክንያት የሆነው እንግዲህ ችሎታውን ማሳየቱ ሳይሆን፥ እየቻለ መታገሡ ነው።

ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን እቶን ፊት በቆሙ ጊዜ፥ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖት እንደማይሰግዱ ጨምረው ተናገሩ። እምነታቸው በእግዚአብሔር እንጂ ከእሳት በመዳናቸው አልነበረም። እኛም ስንጸልይ ሊያደርገው እንደሚችል አምነን እንለምን፤ የለመንነው ሳይሆን ቢቀር ግን አቃተው አንበል፥ ጠላኝም አንበል።

ለዚያች እናት ልጅዋ የሞተበትን ምክንያት አልነገርኋትም፤ አላውቀውምና። የአልዓዛርን መቃብር ግን አስታወስኋት። ጌታችን ሙቱን ሊያስነሣው ሲሄድ አስቀድሞ አለቀሰ። ያለቀሰው ማስነሣት አቅቶት አይደለም፤ ሊያስነሣው ነውና የእኅቶቹን ኀዘን አልናቀም። ይህን ከነገርኋት በኋላ ሌላ ቃል አልጨመርሁም፤ ከእርስዋ ጋር ተቀምጬ አለቀስሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ዓለሙን ሁሉ የያዘው እጅ በችንካር የተወጋው ያው እጅ ነው። ስለዚህ በኀዘን ቀን እንኳ ያለ ፍርሃት ራሳችንን ለእርሱ አደራ እንስጥ። ሁሉን የያዘ አምላክ ያዘኑትን ያጽናና፤ ሙታናችንንም በመንግሥቱ ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።