የተረከዝ ጅማት በእንጦጦ ግርጌ

በሕክምናው መጠሪያ አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማት የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በአዋቂ ሰው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በሰውነት ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው። ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ከኮተቤና ከሲ.ኤም.ሲ ተነሥተው የየካን ተዳፋት አልፈው ወደ እንጦጦ ጫካ ለሚዘልቁት የረጅም ርቀት ሯጮች ይህ ጅማት የእንጀራ መሣሪያቸው ነው፤ ሲጎዳ የውድድር ዘመን ያመልጣል፣ ገቢ ይቋረጣል፣ አንዳንዴም ሩጫው ራሱ በዚያው ያበቃል። ስለ ኢትዮጵያ አትሌቶች ሲጻፍ ድሉና ሰዓቱ በዝርዝር ይነገራል፤ በሁለት ድሎች መካከል ያለው የጉዳትና የማገገም ዘመን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የተጎዳ እግርን ወደ ውድድር መመለስ ግን የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ እውቀትና የራሱ መሬት ያለው ሙያ ስለሆነ በቅርብ ሊታወቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጅማቱ የተሠራው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ የኮላጅኑ ቀጫጭን ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው ከላይ ጋስትሮክኒሚየስና ሶሊየስ ከሚባሉት ሁለት የባት ጡንቻዎች ይነሣሉ። ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ስለሚጀምር ጉልበት ሲዘረጋ ይወጠራል፤ ሶሊየስ ግን ከጉልበት በታች የሚነሣ በመሆኑ ጉልበት ቢታጠፍም ሥራውን አያቆምም፤ ይህም ልዩነት በሕክምናው ጊዜ ትልቅ ትርጉም አለው። ሯጩ መሬት ሲረግጥ ጅማቱ ይለጠጣል፣ በመለጠጡም ኃይል ያከማቻል፤ እግሩ ከመሬት ሲነሣ ደግሞ ካከማቸው ኃይል ከአሥር ዘጠኝ እጁን ያህል መልሶ ስለሚሰጥ ጡንቻው ሊያወጣ ይገባው የነበረው ጉልበት ይቆጠባል። ለዚህ ቁጠባ የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በሩጫ ጊዜ በጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሯጩ ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይደርሳል። በደቂቃ 180 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ሲጨርስ እያንዳንዱ እግሩ ይህን ጫና ከ2,400 ጊዜ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው።

ጫናው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ለጅማቱ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፤ በተለይ ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ደም የሚያንሰው በመሆኑ ጉዳቱ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ የኑክሌር ሙከራዎች ወደ አየር የበተኑትን ካርቦን 14 እንደ ጊዜ መለኪያ ተጠቅመው፣ የጅማቱ እምብርት በአብዛኛው እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ድረስ ተሠርቶ የሚያልቅና ከዚያ በኋላ እምብዛም የማይታደስ መሆኑን አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር የሠላሳ ዓመት አትሌት የሚሮጠው በልጅነቱ በተሠራ ጅማት ነው፤ ያ ጅማት ከተበላሸ እንደ ጡንቻ ቶሎ አዲስ ሆኖ አይተካም።

ለረጅም ጊዜ የዚህ ሕመም መንስኤ ብግነት፣ ማለትም ትኩሳትና እብጠት የሚያስከትለው የሰውነት ምላሽ፣ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ ይመስል ነበር። ዛሬ ቴንዲኖፓቲ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሁኔታ በዋናነት የኮላጅኑ አደረጃጀት መዛባት ሆኖ ይታያል፤ ፍጹም ዕረፍት ሕመሙን ቢያስታግስም ጅማቱን የበለጠ ስለሚያደክመው አትሌቱ ሩጫ ሲጀምር ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳተሙት ዘዴ ሐሳቡን ለወጠው፦ ሕመምተኛው በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሩ የፊት ክፍል ቆሞ ተረከዙን በዝግታ ከደረጃው በታች ያወርዳል፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ አጥፎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ እየደገመ በሦስት ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት ይሠራል። ጉልበት የሚዘረጋውና የሚታጠፈው ሁለቱም የባት ጡንቻዎች በየተራ እንዲሠሩ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ በየትኛውም የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ጅማት የሚድነው በልክ በተመጠነ ጭነት መሆኑ በዚህ መስክ ከተገኙት ግንዛቤዎች ሁሉ ዋነኛው ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳት ታዋቂ ምሳሌ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ27:18.20 ለ27:18.29፣ በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዙ ጅማት አስቀድሞ ታምሞ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀጥሎ ወደ ውድድር የተመለሰው በኦገስት 2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ ከ1993 ጀምሮ አራት ጊዜ በተከታታይ ባሸነፈበት ርቀት ከኬንያዊው ቻርለስ ካማቲና ከአገሩ ልጅ ከአሰፋ መዝገቡ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ። በወቅቱ ብዙዎች ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት፤ በጉዳት ዓይን ለሚመለከተው ግን ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሳይወዳደር ቆይቶ በአንድ ሰከንድ ከሽርፍራፊ ብቻ መቀደም ከብዙ ወርቆች የማያንስ ሥራ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን በ1:00:03 አሸነፈ፤ ከዚያም በ2007 እና በ2008 በበርሊን የማራቶንን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ አሻሻለ፣ ሁለተኛውም 2:03:59 ነበር።

መሬቱ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለው ድርሻ ከሐኪሙ ድርሻ አያንስም። ሲ.ኤም.ሲ ስሙን ያገኘው ሰፈሩን በገነባው የጣልያን የግንባታ ድርጅት ምሕጻረ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ሰፊ አስፋልትና ከ2015 ጀምሮ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር የሚያልፍበት ሰፈር ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በስተ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ የሸፈነው ሲሆን፣ ዛፉ የሚያራግፈው ቅጠልና ከሥሩ ያለው አፈር ለእግር ለስላሳ ነው። አሠልጣኞች የሳምንቱን ልምምድ በጫካ፣ በኮሮኮንችና በአስፋልት ከፋፍለው ማሠራታቸው ከዚህ የመሬት ዓይነት ብዛት የመነጨ ነው። በኮተቤ ከሯጮች ጋር የኖረው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ሯጮቹ በጫካው ውስጥ ተከታትለው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፣ አስፋልት የሚረግጡባቸውንም ቀናት በጥንቃቄ ይመርጣሉ። ከጉዳት ለሚመለስ አትሌት ይህ ልማድ ሁለት ጥቅም አለው፤ መጠማዘዙ ፍጥነቱን ይገታዋል፣ እርምጃውም በእያንዳንዱ ዛፍ ስለሚለወጥ አንዱ የጅማቱ ክፍል ብቻ ያለማቋረጥ አይወጠርም።

የከፍታው ጥቅም ከዚህም ይልቃል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ ሯጩ በሶምሶማ ፍጥነት እየሄደ እንኳ ልቡና ሳንባው በቆላ በፈጣን ሩጫ የሚሠሩትን ያህል ይሠራሉ። በጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአብዛኛው ፍጥነትን ተከትሎ የሚጨምር በመሆኑ፣ ተራራው አትሌቱ ደካማውን እግሩን ሳያስቸግር ሯጮች ኮንዲሽን የሚሉትን የሰውነት ብቃት እንዲያቆይ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ የእንጦጦ ዳገት መልካም ብቻ አይደለም፤ ሽቅብ ሲወጣ ተረከዙ ከጣቶቹ ዝቅ ስለሚል ጅማቱ ከሜዳው ይልቅ ይለጠጣል፣ ቁልቁለቱም ጉልበትንና ጭንን ይጎዳል፣ በቅጠል የተሸፈነ ሥር ወይም ድንጋይ ቁርጭምጭሚትን ሊያጥፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት አስተዋይ መንገድ የሚመስለው መጀመሪያ እንደ ጃንሜዳ ባለ ደልዳላ ሣር፣ ቀጥሎ በጫካው ለጥ ያለ ክፍል፣ ዳገቱን ደግሞ ጅማቱ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ መድረቁን ከተወ በኋላ መሮጥ ነው። የጠዋቱ ድርቀት ከማናቸውም ምርመራ በፊት የትናንቱ ልምምድ መብዛቱን ወይም መመጠኑን የሚናገር ምልክት ነው።

ክረምት ሲገባ ሁኔታው ይለወጣል፤ የእንጦጦ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ እግር ይንሸራተታል፣ ታላላቆቹ የአውሮፓ ውድድሮችና የዓለም ሻምፒዮናው የሚደረጉት ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ወራት ነው። በሌላው ዓለም ተመሳሳይ የቀን መቁጠሪያ ጭንቀት በጉልህ የሚታየው በቴኒስ ነው። የሣር ሜዳ ዘመን የሚባለው፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሚዘልቀው ጊዜ፣ ዊምብልደንን ጨምሮ ከአምስት ሳምንት ብዙ አያልፍም፤ የዊምብልደን ሣር በ8 ሚሊ ሜትር ቁመት የሚታጨድ ሲሆን ኳሱ በላዩ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚነጥር ተጫዋቹ ጉልበቱንና ዳሌውን ደጋግሞ ያጥፋል። ብሪታንያዊው አንዲ መሪ በጃንዋሪ 2019 የዳሌ አጥንቱ በብረት ከተለበጠለት በኋላ በዚያው ዓመት ጁን በለንደን ኩዊንስ ክለብ ሣር ላይ የተመለሰው በጥንድ ጨዋታ ነበር፤ በጥንድ ጨዋታ አንድ ተጫዋች የሚሸፍነው ሜዳ ስለሚያንስ ጭነቱ ይቀንሳል። ከስፔናዊው ፌሊሲያኖ ሎፔዝ ጋር ዋንጫውን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበርም በአንትወርፕ በነጠላ አሸነፈ። መሪ ከጥንድ ወደ ነጠላ ያለፈበትና የእንጦጦ ሯጭ ከሣር ወደ ዳገት የሚያልፍበት መንገድ ጭነትን ቀስ በቀስ በመጨመር በአንድ መርሕ የሚመራ ነው።

መርሑ ቢታወቅም የመመለሻው ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት የ2010ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጥቶ በኦገስት 28 ቀን 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ሲሰለፍ ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ፤ በዚህ ርቀት ከዚያ በፊት ተሸንፎ አያውቅም ነበርና ዘመኑ አበቃ የሚል ድምዳሜ በየቦታው ተሰማ። ከ19 ቀን በኋላ በብራስልስ ይህንኑ ርቀት በ26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በዴጉና በብራስልስ መካከል እግሩ አዲስ አልሆነም፤ ሰውነቱ ለጭነቱ የሚዘጋጅበት ጊዜ ሊሞላ ሳምንታት ሲቀሩት ሻምፒዮናው ቀድሞ ደርሶ ነበር ብሎ ማሰብ ይሻላል። ቀነኒሳ ከዚያም በኋላ ከጉዳት ጋር እየታገለ በ2019 በበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ጨርሷል፤ ይህም በወቅቱ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነው።

አልማዝ አያና ደግሞ ሳይወዳደሩ የመዘጋጀት ብርቱ ምሳሌ ናት። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረች በኋላ በቀጣዩ ዓመት ጉዳት አግኝቷት እስከ ኦገስት አልተወዳደረችም፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድሯ በሆነው የለንደን የዓለም ሻምፒዮና ግን በ30:16.32 ጨርሳ ሁለተኛ የወጣችውን ጥሩነሽ ዲባባን በ46 ሰከንድ ቀደመቻት። ከዚያ በኋላ የጉልበት ጉዳትና ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ከውድድር አራቃት። በኦክቶበር 2022 በአምስተርዳም በሕይወቷ የመጀመሪያውን ማራቶን ስትሮጥ በ2:17:20 አሸነፈች፤ ይህም በዚያው ዓመት ያለምዘርፍ የኋላው በሐምቡርግ ካስመዘገበችው በሦስት ሰከንድ የተሻለና እስከዚያ ቀን ድረስ በሴቶች የመጀመሪያ ማራቶን ከተሮጡት ሰዓቶች ሁሉ ፈጣኑ ነበር።