ስለ አዲሱ ሃይሉክስ መኪናና ነጂዎች ከርሱ ስለሚሹት ነገር

መኪና የሚገዛ ሌላ፤ መኪና የሚነዳ ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በቤት አውቶሞቢል ዘንድ እምብዛም አይታይም፤ ገዢው ብዙ ጊዜ ራሱ ነጂው ነውና። ፊቱ ጋቢና፤ ኋላው ለጭነት ክፍት የሆነውና በተለምዶ ፒክአፕ የሚባለው መኪና ግን በአብዛኛው የሚገዛው በመሥሪያ ቤት፤ በእርሻ ድርጅት፤ በሕንፃ ሥራ ኩባንያ ወይም በርዳታ ማኅበር ስለሆነ፤ ዋጋውን የሚዋዋለው ሰው በጠረጴዛ ላይ በወረቀት ያየዋል፤ ነጂው ግን በጭቃና በአቧራ ውስጥ ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ፒክአፕ በወጣ ቍጥር የሚነገረው ምስጋና ሁሉ የገዢውን ዓይን የሚስብ ሲሆን፤ ነጂው የሚሻው ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል።

ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፤ ሃይሉክስ የሚባለውን ፒክአፕ አድሶ ዘጠነኛውን ትውልድ በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ ለዓለም አሳይቷል። መኪናው መጀመሪያ የተሠራው በ1968 በጃፓን አገር ነበር (ከዚህ በኋላ የሚጠራው ዘመን ሁሉ፤ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። የዚያን ጊዜ ሞተሩ አንድ ሊትር ተኩል፤ ጉልበቱም ከ80 ፈረስ ያነሰ ነበር። ስሙ «ከፍተኛ» እና «ቅንጦት» የሚል ትርጓሜ ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ ነገር ግን በዚያ በመጀመሪያው መኪና ተቀምጦ ሩቅ አገር የሄደ ሰው፤ ሰሙ ሌላ ወርቁ ሌላ መሆኑን ወገቡ ሳይነግረው አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በአራት ጎማ የሚጐትተው ዓይነት በ1979 ተጨመረለት፤ ስምንተኛው ትውልድ በ2015 ወጣ፤ ዛሬ በታይላንድ፤ በደቡብ አፍሪቃና በአርጀንቲና ይሠራል፤ በመላው ዓለም የተሸጠውም ቍጥሩ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነው። በኢትዮጵያም የጠጠር መንገድ ደርሶበት ሃይሉክስ ያልደረሰበትን ወረዳ መፈለግ ድካም ነው።

አዲሱ ትውልድ ፊቱ ተለውጧል። በውድ ዓይነቶቹ ጋቢና ውስጥ ስፋታቸው 12.3 ኢንች የሆነ ሁለት መስኮተ ብርሃን ተገጥሞለታል። መሪውን የሚያግዘው የዘይት ግፊት ቀርቶ በኤሌክትሪክ ኀይል እንዲታገዝ ተደርጓል። ሞተሩም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ 2.8 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር በ48 ቮልት ረዳት ታግዞ ይገኛል፤ ፈጽሞ በባትሪ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሃይሉክስም ተሠርቷል፤ በሃይድሮጅን የሚሠራውን ደግሞ ኩባንያው በ2028 ለማውጣት አስቧል። ከታች ያለው የብረት ሻንሲ ግን በመሠረቱ ያው የቀድሞው ነው፤ የናፍጣው መኪና የኋላ ባሌስትራም እንዳለ ነው። ይህን እንደ ጕድለት የቈጠሩት አሉ። ነጂዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ይህን ይወዱታል፤ ምክንያቱም ባሌስትራ ቢሰበር የሚያስተካክለው ቀጥቃጭ በየገበያው አይጠፋም።

የቀድሞ ሲራራ ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ የደረቷን ጌጥ አይመለከትም ነበር። ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል፤ ሰኮናዋን ያነሣል፤ ጥርሷን ይቈጥራል፤ ከዚያም ዳገት አውጥቶ ትንፋሿን ያዳምጣል። የዛሬ ነጂም ስለ አዲስ መኪና የሚጠይቀው ይህንኑ የሚመስል ነው። በመንገድ ላይ ቢቆም ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው የት ይገኛል? ማጣሪያውን ያለ ልዩ መሣሪያ መፍታት ይቻላልን? በጋራዦቻችን ውስጥ ፍሪሲዮን፤ ካምቢዮ፤ ማርሚታ፤ ኩሽኔታ የሚሉት የኢጣልያ ቃላት እስከ ዛሬ ሳይለወጡ መኖራቸው፤ ዕቃው ራሱ ብዙ ሳይለወጥ በመኖሩ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን ሞተሩ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ስለሆነ፤ ከመካኒኩ መፍቻ በፊት የኮምፒውተር መመርመሪያ ይፈለጋል፤ እርሱም ከከተማ ውጭ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ የነጂዎች ጥያቄ ከንቱ ሥጋት አለመሆኑን ባለፉት ዓመታት በአውስትራሊያ የተደረገው የፍርድ ቤት ክርክር ያስረዳል። በአዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ጭስ መውጫ ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ይገጠማል፤ ዐላማውም አየሩ እንዳይበከል ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት በየጊዜው በታላቅ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አለበት። ሆኖም ከ2015 እስከ 2020 በአውስትራሊያ በተሸጡት የሃይሉክስ፤ የፎርቹነርና የፕራዶ የናፍጣ መኪናዎች፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል በማያቋርጥ ጕዞ ሲነዱ ማጣሪያው በሚገባ ሳይጸዳ እየቀረ ነጭ ጭስ መትፋት፤ ነዳጅ ማብዛትና የማስጠንቀቂያ መብራት ማብራት ጀመረ። የመኪናዎቹ ብዛት ከ260 ሺ በላይ ነበር። የአገሪቱ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 መኪናዎቹ ለገዢ በሚገባው ጥራት አልተሸጡም ሲል ፈረደ፤ ስለ ካሣው ልክ የተነሣው ክርክርም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። ልብ ሊባል የሚገባው፤ ረዥም ሜዳ መንገድ ለፒክአፕ ቀላል ሥራ መሆኑ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያስቸገረው ማጣሪያ፤ ቀኑን ሙሉ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እያዘገመ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ በሚሄድ መኪና ላይ ሥራው ቢከብድ አያስደንቅም፤ ሙቀቱ የሚነሣው ሞተሩ በሚገባ ሲሮጥ ነውና። ስለዚህ ነጂው አዲሱን ናፍጣ ሲያይ ስለ መስኮተ ብርሃኑ ስፋት ሳይሆን፤ «ማጣሪያው ሲሞላ እኔው በመንገድ ላይ ላጸዳው እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቃል።

የመሪው መለወጥ መልካም ይመስላል። በኰረኰንች መንገድ ላይ ጎማው በድንጋይ ሲመታ የነጂውን አውራ ጣት የሚያቈስለው ምት በኤሌክትሪክ መሪ ይቀንሳል። በጭነት ሣጥኑ ጐን ከኋላ የተጨመረው መወጣጫ እርከንም ትንሽ ነገር ቢመስል፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ ወጥቶ የሚወርደው ጫኝና አውራጅ ያመሰግነዋል።

ከዚህ የሚበልጠው የሕይወት ነገር ነው። በስዊድን አገር ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለው መጽሔት፤ ሙስ የሚባለው ታላቅ የዱር አጋዘን ድንገት መንገድ ላይ ቢገባ መኪና እንዴት እንደሚያመልጠው የሚፈትንበት ልማድ አለው። ሃይሉክስ በ2007 በዚህ ፈተና ሊገለበጥ ደርሶ ነበር፤ ስምንተኛውም ትውልድ በ2016 እንዲሁ በሁለት ጎማው ቆመ። በኋላ ኩባንያው መረጋጊያውን አስተካከለ። በኢትዮጵያ ሙስ የለም፤ ነገር ግን ላም፤ አህያና ፍየል አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃን አለ። ነጂው መሪውን በድንገት ሲጠመዝዝ፤ ከፍ ብሎ የተጫነው ዕቃ መኪናውን ወደ ጐን ይስበዋል፤ በጭነቱ ላይ ሰው ተቀምጦ ከሆነም አደጋው የከፋ ይሆናል። እንግዲህ መረጋጊያና የአየር ከረጢት በውዱ ዓይነት ላይ ተገጥሞ፤ ለሥራ በሚገዛው በርካሹ ላይ ሲቀነስ፤ የተቀነሰው ከማን ደመወዝና ከማን ዕድሜ እንደሆነ የግዢ ኮሚቴዎች ቢያስቡት መልካም ነው። በብዙ ሺ ብር የሚቈጠር ጌጥ አስጨምረው ይህን የሚተዉ ግን አይጠፉም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንመለስ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ 5150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፤ ኤሌክትሪኩን ግን ከገዛ ወንዙ ለሚያገኝ አገር መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ነው። ነጂዎችም በነዳጅ ማደያ ሰልፍ ያሳለፉትን ሌሊት ስለሚያስታውሱ ኤሌክትሪክን የሚጠሉበት ምክንያት የላቸውም።

ከዚህም በቀር ባትሪ በደጋ አገር አንድ ታላቅ ብልጫ አለው። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ አየሩም ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር ይሣሣል፤ ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በደሴ መንገድ የጣርማበር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይሻም፤ በጣርማበርም በአፋር ሜዳም ጉልበቱ አንድ ነው። ቍልቍለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫውን የመታው ነጂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ብቻ አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ ይኸውም ቍልቍለቱ አፋፍ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ከተነሣ፤ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ መግቢያ ስለሚያጣ ሞተሩ እንደ ልብ አይዝለትም።

የአዲሱ ኤሌክትሪክ ሃይሉክስ ባትሪ ግን 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶም በኤውሮፓ መለኪያ የሚሄደው 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የናፍጣው መኪና በርሜል 80 ሊትር ይይዛል፤ በርሱም ከአዲስ አበባ ደሴ ደርሶ ብዙ ይተርፈዋል፤ የኤሌክትሪኩ ግን 400 ኪሎ ሜትር ለሆነው ለዚሁ መንገድ በመካከል ቆሞ መሞላት ግድ ይሆንበታል። መሙያው በመንገዱ መካከል ካለ ነጂው ምሳውን እየበላ ይጠብቃል፤ ከሌለ ግን መኪናው የከተማ መኪና ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ሃይሉክስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው አንድ ቶን፤ ማለት ዐሥር ኩንታል፤ በመሸከሙ ነው። የኤሌክትሪኩ የመሸከም ልክ 715 ኪሎ ተብሏል፤ ባትሪው ራሱ ከባድ ጭነት ነውና። ከነጂው ጋራ በጋቢናው የሚቀመጡት ሰዎች ክብደትም ከዚሁ ላይ ይነሣል። ሦስት ሠራተኞች ከተሳፈሩ የሚጫነው አምስት ኩንታል ገደማ ብቻ ነው። ማዳበሪያ ወደ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያደርስ የታዘዘ ነጂ፤ በናፍጣው በአንድ ጊዜ ያደርስ የነበረውን በሁለት ምልልስ ያደርሳል ማለት ነው፤ በሁለተኛው ምልልስም ባትሪው ይበቃው እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት ማስላት አለበት፤ አለቃው ግን የጕዞውን ሰዓት የሚቈጥረው በቀድሞው መኪና ልክ ነው።