የብስክሌት መሪና የሃያ ሚሊ ሜትር ጂኦሜትሪ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1993 ኖርዌይ ውስጥ በምትገኘው የሐማር ከተማ፣ ግሬም ኦብሪ የተባለ ስኮትላንዳዊ ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር በመጋለብ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያስመዘገበውን 51.151 ኪሎ ሜትር አሻሻለ። ኦብሪ ብስክሌቱን የሠራው በገዛ እጁ ሲሆን፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተወሰደ ኩሽኔታ እንደነበረበት በሰፊው ይነገርለታል። ይሁን እንጂ የስፖርቱን ባለሙያዎች ይበልጥ ያነጋገራቸው ኩሽኔታው ሳይሆን መሪው ነበር። መሪው ጠባብና ወደ ደረት እጅግ የቀረበ በመሆኑ፣ ጋላቢው ክንዶቹን አጥፎ ደረቱ ሥር ይሸጉጣቸው ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን አቀማመጥ በ1994 አገደ። ኦብሪ በ1995 ክንዶቹን ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ሌላ መሪ ይዞ ቀረበና በግል ማሳደድ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ውሎ አድሮ እሱም ታገደ።

እጅ የሚያርፍበት ቦታ ሲለወጥ የሰውነት ቅርጽ ይለወጣል፤ ከሱም ጋር አየሩ፣ ጀርባውና መዳፉ የሚደርስባቸው ጫና አብሮ ይለወጣል። ለክብረ ወሰን የማይወዳደረው ተራ ጋላቢም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በተለይ ለሌላ ሰው ቁመት የተመረጠ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት የገዛ ወጣት፣ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ አንገቱ ሲደርቅ ወይም ጣቶቹ ሲደነዝዙ «ብስክሌት አይስማማኝም» ብሎ ሊተወው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ያልተስማማው ብስክሌቱ ሳይሆን የጥቂት ሚሊ ሜትሮች አቀማመጥ ነው። ሚሊ ሜትሮቹን ለማስተካከል ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ትሪጎኖሜትሪ ይበቃል።

አስቀድሞ ስለ ክፍሎቹ ጥቂት እንበል። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ወደ ላይ የሚዘልቅ ቱቦ አለው፤ በዚህ ጽሑፍ ግንድ እንለዋለን። ግንዱ በፍሬሙ የፊት ቱቦ ውስጥ አልፎ ይወጣል። በአናቱ ላይ የሚታሰረውና መሪውን ወደ ፊት አርቆ የሚይዘው አጭር ክንድ ስቴም ይባላል። ከስቴሙ ሥር የሚደረደሩት ቀለበቶች ስፔሰር የሚባሉት ናቸው። መሪው ራሱ በውድድር ብስክሌት ላይ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ ሲሆን፣ እጅ በሦስት ቦታ ሊያርፍበት ይችላል፤ ከላይ በአግድሙ ዘንግ፣ በፍሬን እጀታዎቹ ላይ፣ ወይም ከታች በቆልማማው።

ጋደል ያለው ግንድ

ብዙ ሰው መሪውን ከፍ ማድረግና መሪውን ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይመስሉታል። እንዲህ ያልሆነበት ምክንያት ግንዱ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ነው። ግንዱ ወደ ጋላቢው ጋደል ያለ ነው፤ በአብዛኞቹ የውድድር ብስክሌቶች ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 73 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ስቴሙ በግንዱ ላይ ሽቅብ ሲንሸራተት ወደ ኋላም ይመጣል። የ73 ዲግሪ ሳይን 0.956፣ ኮሳይኑ 0.292 ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ቀለበት ከስቴሙ ሥር ብናስገባ፣ መሪው 9.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ 2.9 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ ጋላቢው ይቀርባል። ሦስት ቀለበት ካስገባን ከፍታው ወደ 29 ሚሊ ሜትር፣ መቅረቡም ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም አንድ ቁጥር አጭር ስቴም ከመግጠም ጋር ይቀራረባል። ስቴሞች በአብዛኛው የሚሸጡት በ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው መንገድ ስቴሙን መገልበጥ ነው። በስቴም ላይ የሚጻፈው ማዕዘን የሚለካው ከመሬት ሳይሆን ከግንዱ ቀጤ ነክ መስመር ተነሥቶ ነው። የተለመደው 6 ዲግሪ ሲሆን፣ ስቴሙ እንደ አገጣጠሙ ከቀጤ ነኩ በላይ ወይም በታች ሊያመለክት ይችላል። ግንዱ 17 ዲግሪ ጋደል ስለሚል ቀጤ ነኩ ራሱ ከአግድም 17 ዲግሪ ሽቅብ ያያል። ስለዚህ ወደ ታች የተገጠመው ስቴም በእርግጥ የሚያየው 11 ዲግሪ ወደ ላይ ነው፤ ሲገለበጥ 23 ዲግሪ ይሆናል። ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በመጀመሪያው አቀማመጥ መሪውን 98 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ 19 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይወስደዋል። በሁለተኛው 92 ወደ ፊት፣ 39 ወደ ላይ። ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር ከፍታና 6 ሚሊ ሜትር መቅረብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የስቴሙን ሁለት አቀማመጦች በወረቀት ላይ ብንስላቸው ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት እኩል መስመሮች እናገኛለን፤ አንዱ ከቀጤ ነኩ 6 ዲግሪ በላይ፣ ሌላው 6 ዲግሪ በታች። ጫፎቻቸውን ብናገናኝ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ይሠራል፤ ቀጤ ነኩም የአናቱን ማዕዘን እኩል ይከፍለዋል። በእንዲህ ያለ ጎነ ሦስት ውስጥ አናቱን እኩል የሚከፍለው መስመር ለመሠረቱ ቀጤ ነክ ነው። ግንዱም ለዚሁ መስመር ቀጤ ነክ ስለሆነ፣ የጎነ ሦስቱ መሠረት ከግንዱ ጋር ትይዩ ነው ማለት ነው። በመሆኑም ስቴም ሲገለበጥ መሪው የሚጓዘው ልክ በግንዱ አቅጣጫ ሲሆን፣ የሚጓዘውም 2 × 100 × ሳይን 6፣ ማለትም 20.9 ሚሊ ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር ባለ 100 ሚሊ ሜትሩን ስቴም መገልበጥና 21 ሚሊ ሜትር ቀለበት መጨመር መሪውን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፉታል። መካኒኮች «ቀለበት ይሻላል፣ መገልበጥ ይሻላል» እያሉ ሲከራከሩ ይሰማል፤ ጂኦሜትሪው ግን በሁለቱ መካከል አያዳላም። ልዩነቱ የመልክና፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ የጥንካሬ ብቻ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ተግባራዊ ውጤት ለጀማሪ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ርቀቱ የተስማማው፣ ነገር ግን መሪው ዝቅ ያለበት ጋላቢ ቀለበት ብቻ ቢጨምር መሪው ያለ ፍላጎቱ ይቀርበዋል። ስለዚህ መሪውን ከፍ ሲያደርግ ስቴሙን ማስረዘም አለበት። ለምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ጨምሮ ስቴሙን ከ100 ወደ 110 ቢለውጥ፣ ከፍታው 21 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ርቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝማል።

መሪው ራሱም ርዝመት አለው

የመሪው ወደ ፊት መዘርጋት በአብዛኛው ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ባለ 80ውን በባለ 70 የተካ ሰው የፍሬን እጀታዎቹን 10 ሚሊ ሜትር አቅርቧቸዋል፤ አግድሙ ዘንግ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ከላይ ሲይዝ የሚመቸው፣ እጀታዎቹን ሲይዝ ግን የሚንጠራራ ሰው መለወጥ ያለበት ስቴሙን ሳይሆን መሪውን ነው። ስፋቱ ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ38 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የተለመደው መነሻ በሁለቱ ትከሻዎች ጫፍ አጥንት መካከል ያለው ርቀት ነው።

የኮርቻውን ጉዳይ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። መሪው ራቀብኝ ብሎ ኮርቻውን ወደ ፊት የሚያንሸራትት ሰው የእጁን ችግር ወደ ጉልበቱ አዛውሮታል፤ የኮርቻው ቦታ መወሰን ያለበት ከፔዳሉ አንጻር ነውና። በቅድሚያ ኮርቻው ይስተካከላል፤ መሪው ተከትሎ ወደ ጋላቢው ይመጣል። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ያዘነበለ ከሆነም ሰውነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱ ሁሉ በእጅ ላይ ያርፋል። ይህን ችግር ስቴም በመለዋወጥ ማስወገድ አይቻልም።

ክብደቱ በእጅ ላይ ሲበዛ የሚጎዳው በዋናነት አልናር የተባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከመዳፉ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ መሪው ሲጫነው ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። ምልክቱ ቶሎ ካልታረመ የእጅ ጡንቻዎችን እስከ ማድከም ሊደርስ ይችላል። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሆኑ ደግሞ የተጫነው ሚድያን የሚባለው ሌላው ነርቭ ነው። እንግዲህ የትኛው ጣት እንደደነዘዘ ማስተዋል ራሱ አንድ መለኪያ ነው።

ዝቅ ማለት ምን ያተርፋል?

የአየርን መቋቋም ለማሸነፍ የሚጠይቀው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ የአየሩን እፍጋት፣ ለነፋስ የሚጋለጠውን የሰውነት ስፋትና የቅርጹን ጠባይ ያካትታል። የኋለኞቹ ሁለቱ ተባዝተው 0.35 ካሬ ሜትር የሆነ ጋላቢ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ከሆነ፣ ለአየሩ ብቻ 210 ዋት ይከፍላል። ጎንበስ ብሎ ብዜቱን ወደ 0.31 ቢያወርደው 186 ዋት ይበቃዋል። የ24 ዋት ትርፍ ቀላል አይደለም። ሆኖም ትርፉ የሚገኘው ጋላቢው በዚያ አቀማመጥ ሊቆይ ሲችል ብቻ ነው። ጀርባው ስላልቻለ በየአምስት ደቂቃው ቀና የሚል ሰው ዝቅ ያለውን መሪ የገጠመው ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

(ኤዲ መርክስ በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ለመጋለብ ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው አየሩ ስስ ስለሆነ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በመቶ ሜትር ያህል ትበልጣለች። በእኛ ከተማ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ እዚህ ጎንበስ ማለት የሚያስገኘው ትርፍም በዚያው ልክ ይቀንሳል።)

ቁልፍ ከማንሣት በፊት

እ.ኤ.አ. በ2006 በፓሪስ ሩቤ ውድድር ላይ አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ በሸካራው የድንጋይ መንገድ ሲጋልብ የብስክሌቱ ግንድ ተሰብሮ መሪው ከነስቴሙ እጁ ላይ ቀረ፤ ወዲያውም ወደቀ። ግንድ ሲሰበር አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እምብዛም ስለሌለ፣ በዚህ ሥራ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም።

ከስቴሙ ሥር የሚገባው ቀለበት በበዛ ቁጥር ከፍሬሙ በላይ የሚቀረው ግንድ እንደ ረጅም ማንሻ ይሆናል፤ በሥሩ ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ጫናም ያድጋል። በዚህ ምክንያት የካርቦን ግንድ የሚሠሩ ብዙ አምራቾች የቀለበቱን ቁመት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ወሰን ይገድቡታል። ሌላው በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት በአናቱ ያለው ክዳን ብሎን ስቴሙን ይይዘዋል ብሎ ማመን ነው። የዚያ ብሎን ሥራ ኩሽኔታዎቹ እንዳይላወሱ መጫን ብቻ ነው፤ ስቴሙን ከግንዱ ጋር የሚያስረው በጎኑ ያሉት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ክዳኑ በልኩ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ መሪው ከጎማው ጋር ይስተካከላል፤ በመጨረሻ የጎኖቹ ብሎኖች ይታሰራሉ። ጥብቀታቸው በስቴሙ ላይ ይጻፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህም 10 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ አምስት ኪሎ ግራም እንደ ማንጠልጠል ያህል ስለሆነ፣ በጡንቻ የሚተማመን ሰው ሳያውቀው በእጥፍ ሊያልፈው ይችላል። ለካርቦን ይህ አደገኛ ነው።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተለመደው ስቴም በግንዱ ውስጥ የሚሰካ ነበርና አንድ ብሎን አላልቶ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር። ግንዱን ከውጭ የሚያቅፈው የዛሬው ስቴም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ያንን ምቾት ወስዶብናል። ስቴምና መሪ አንድ ወጥ ሆነው፣ የፍሬን ገመዶቹም በውስጣቸው እንዲያልፉ ተደርገው የሚሠሩት የቅርብ ጊዜ ብስክሌቶች ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ለመለወጥ ሙሉውን ክፍል እንደ አዲስ መግዛትን ይጠይቃሉ። ለባለሙያ ተወዳዳሪ ይህ አያሳስብም ይሆናል፤ ለተማሪ ኪስ ግን ወደ ኋላ የተወሰደ እርምጃ ይመስለኛል።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ግንዱ ምን ያህል እንደተቆረጠ ነው። የቀድሞው ባለቤት ከስቴሙ ሥር አንድም ቀለበት ሳይተው አሳጥሮ ከቆረጠው፣ ግንዱ ተመልሶ አይረዝምም። እንዲያም ሆኖ አንድ በር ክፍት ነው፤ 17 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ስቴም ወደ ላይ ገልብጦ መግጠም። ርዝመቱ 120 ሚሊ ሜትር የሆነው እንዲህ ያለ ስቴም፣ ወደ ታች የተገጠመውን ባለ 100 ሚሊ ሜትርና ባለ 6 ዲግሪ ስቴም ቢተካ፣ መሪውን 48 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲያደርገው ርቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ይለወጣል። ወጣት አንባቢያን የ34 ዲግሪን ሳይንና ኮሳይን ይዘው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።