የተራራ ደን ከጉም ምን ይጠጣል?

ስለ አየር ብክለት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ፋብሪካና ተሽከርካሪ የበዛበት ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ከጭስ ማውጫዎች ርቀው የሚገኙ የተራራ ደኖችም የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው። ይህ እንዴት እንደሚሆን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማብራራት እንሞክራለን።

ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጡት ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በአየር ውስጥ ወደ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ይለወጣሉ። ነፋስም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ያጓጉዛቸዋል። አየሩ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ግፊቱ ስለሚቀንስም ይስፋፋል፣ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ተንም ጉም ይሆናል። የጉም ነጠብጣብ የያዘው ውኃ እጅግ ጥቂት በመሆኑ አሲዱ ከዝናብ ውኃ ይልቅ በጉም ውስጥ የተከማቸ ነው። መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸው ዛፎች ደግሞ ጉሙን እንደ ወንፊት ይይዙታል። ተራ የዝናብ መለኪያ ግን ይህን ውኃ አይመዘግብም።

በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት በሚገኘው ካሜልስ ሃምፕ ተራራ ላይ ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከቀይ ስፕሩስ ዛፎች ግማሽ ያህሉ ሞቱ። በኋላ እንደተደረሰበት አሲዱ ከቅጠሉ ሕዋሳት ካልሲየምን አጥቦ በማውጣቱ ዛፉ ብርድን የመቋቋም ኃይሉን አጥቶ ነበር። ገዳዩ ውርጭ ቢመስልም መንገዱን የጠረገለት አሲዱ ነው። ኒው ሃምፕሸር በሚገኘው የሐባርድ ብሩክ ደን በ1999 ካልሲየም ያለበት ማዕድን በአንድ ተፋሰስ ላይ ተበተነ፤ በ2003 ክረምት ብርዱ በዚያ ባሉ ቀይ ስፕሩሶች ላይ ያደረሰው ጉዳት ካልሲየም ካልተጨመረላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በ1990 የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ ከተሻሻለ በኋላ የሰልፈር ልቀት በእጅጉ ቀንሷል፤ ስፕሩሱም ማገገም ጀምሯል። ነገር ግን አፈሩ ያጣውን ካልሲየም መልሶ የሚያገኘው አለት ቀስ በቀስ ሲፈረካከስ ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎች ሦስት ጉዳዮችን አጥብቀው ሊከታተሉ ይገባል፦ በየከፍታው የጉሙን ውኃ መለካት፣ የአፈሩን ማገገም ለአሥርት ዓመታት መከታተል፣ እንዲሁም ኦዞንና የአየር ሙቀት መጨመር በአንድነት የሚያደርሱትን ጫና መለየት።

በአገራችንም የእንጦጦ ደን ከአዲስ አበባ በላይ ይገኛል። በቀን ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር የከተማውን ጭስ ወደ ደኑ ሊወስድ ይችላል። በክፈፍ ላይ የተወጠረ የናይሎን ክር፣ ንጹሕ ጠርሙስና የፒኤች መለኪያ ለመነሻ ጥናት ይበቃሉ። ዛፎቹ መድረቅ ሳይጀምሩ መለካት የተማሪዎቻችንና የእኛ የጋራ ሥራ ነው።