አቀበት ላይ የሚፈላ ራዲያተር፣ ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ፍሬን

ከመቀሌ ተነስቶ በዓዲ ጉዶምና በሕዋነ በኩል ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው፣ በአላጄ አቀበት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል፤ ጀሪካን ይዞም ውኃ ፍለጋ ይወርዳል። ሾፌሩ ከሚንተከተከው ራዲያተር ራቅ ብሎ ይቆማል። ተሳፋሪዎችም ወርደው ጥላ እየፈለጉ «መኪናው አርጅቷል»፣ «ቀኑ ከፍቶብን ነው» ይባባላሉ። ጥቂት ሰዓታት ተጉዘን ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደው የግራካህሱ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ፣ ከዚህ እጅግ የከፋ አደጋ ይጠብቀናል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚለው አስደንጋጭ ቃል የሚሰማው እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው።

እነዚህ ሁለት ብልሽቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ እርሱም መውጫ ያጣ ሙቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የአገራችን ከፍታ ለምን እንደሚያባብሰው፣ ሾፌሩም ሆነ ተሳፋሪው ምን ማድረግ እንደሚገባው ከክፍል ውስጥ የፊዚክስ ትምህርታችን ጋር እያዛመድን እንመለከታለን።

ውኃ በመቀሌ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

«ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው መቀሌ ግን 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በመሆኑም በእንዳኢየሱስ ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ጥደን ቴርሞሜትር ብናስገባ፣ ውኃው በ92 እና በ93 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ወደ 3,000 ሜትር ስንወጣ ደግሞ መፍያው ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። ተራራው አላጄ ራሱ ጫፉ 3,438 ሜትር ይደርሳል።

አሁን ይህን ቁጥር ከሞተር ጋር እናነጻጽረው። የአብዛኛው መኪና ሞተር በጤናማ ሁኔታ ሲሠራ የማቀዝቀዣ ውኃው ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲያው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ምንም ያልተበላሸ ሞተር ውኃውን ዘወትር ማፍላት ነበረበት ማለት ነው። ለምን አያፈላም?

የአንድ ክዳን ሥራ

መልሱ ያለው በራዲያተሩ ክዳን ውስጥ ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ያለው ሞላ፣ የውኃው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በ90 ኪሎ ፓስካል ገደማ እስኪበልጥ ድረስ እንፋሎቱን አያሳልፍም። በመቀሌ የአየሩን 77 እና የክዳኑን 90 ስንደምር 167 ኪሎ ፓስካል እናገኛለን። በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ115 ዲግሪ አካባቢ ነው። በአንድ ርካሽ ሞላ አማካይነት ከ20 ዲግሪ በላይ ትርፍ አገኘን ማለት ነው።

ሞላው ሲደክም ወይም ጎማው ሲሰነጠቅ ይህ ትርፍ በሙሉ ይጠፋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የላላ ክዳን ያለው መኪና በባሕር ጠለል 10 ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በአላጄ ከፍታ ላይ ግን የሚቀረው መጠባበቂያ ዜሮ ነው። መኪናው ተራራው ላይ የሚፈላው ተራራው ላይ ስለተበላሸ አይደለም፤ ቀድሞ የተበላሸውን ተራራው ስለገለጠው ነው።

በዚህ ላይ የአየሩ መሳሳት ሁለት ተጨማሪ ችግሮች ያስከትላል። አንደኛ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየዙሩ የሚስበው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሾፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጠ ለረጅም ጊዜ ለመንዳት ይገደዳል። ሁለተኛ፣ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው አየርም ያንኑ ያህል ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ነው። መኪናው በአቀበት ላይ በዝግታ ስለሚጓዝም የሚነፍሰው አየር ያንሳል።

የፈላ ራዲያተር ሲያጋጥም የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ክዳኑን ወዲያውኑ መክፈት ነው። 10 ሊትር ውኃ በ110 ዲግሪ ታፍኖ አለ እንበል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውኃው ደግሞ በዚህ ግፊት ከ92 ወይም ከ93 ዲግሪ በላይ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም። ትርፉ ሙቀት ከውኃው 3 በመቶ ያህሉን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። 3 በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን 300 ግራም ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከሾፌሩ ፊት ሥር ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ፣ ከዚያም በጨርቅ ይዞ ቀስ በቀስ ማላላት ግድ ይላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ብረት በአንድ ወገን ሲኮማተር በሌላው ወገን እንደ ሰፋ ይቆያልና።

ከኮረም እስከ አላማጣ፦ 98 ሚሊዮን ጁል

አቀበቱን የወጣ መኪና የከፈለው ጉልበት አልጠፋም፤ በከፍታ መልክ ተቀምጧል። ኮረም 2,500 ሜትር፣ አላማጣ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 1,000 ሜትር ልዩነት የሚወረደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በተቀየሰው የግራካህሱ ጠመዝማዛ ነው። ክብደቱ ከነተሳፋሪው 10,000 ኪሎ ግራም የሆነ አውቶቡስ ይህን ሲወርድ የሚለቀው የከፍታ ጉልበት፦

10,000 × 9.8 × 1,000 = 98,000,000 ጁል

ይህ ጉልበት 320 ሊትር ያህል ውኃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ በመቀሌ ለማፍላት ይበቃል። አውቶቡሱ ታች ሲደርስ በወጣበት ፍጥነት እየሄደ ከሆነ፣ ጉልበቱ በሙሉ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጧል ማለት ነው። ጥያቄው «የት?» የሚል ነው።

ሾፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ፣ ከፊሉን የአየርና የጎማ ሰበቃ ቢቀንስለትም አብዛኛው ሙቀት ወደ ፍሬን ታምቡሮቹ ይገባል። የታምቡሮቹ ብረት በድምሩ 200 ኪሎ ግራም ቢሆንና አየር ባያቀዘቅዛቸው፣ 98 ሚሊዮን ጁል ሙቀታቸውን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ከፍ ባደረገው ነበር። አየሩ በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳየናል።

ፍሬን ሲግል ሦስት ነገሮች ይከሰታሉ። የፍሬን ሸራው የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። በፍሬን ዘይት በሚሠሩ እንደ ሚኒባስ ያሉ መኪኖች ደግሞ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 በሚል ደረጃ የሚታወቀው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ ከአየር እርጥበት ስቦ የውኃ መጠኑ 3.7 በመቶ ሲደርስ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ጎማውን የሚይዝ ኃይል ግን አይኖርም። ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ የፍሬን ዘይት በከተማ ውስጥ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ልክ እንደ ላላው የራዲያተር ክዳን፣ የሚያጋልጠው ተራራው ነው።

ማርሽ ለምን ያድናል?

መፍትሔው ሙቀቱን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድ ጎማዎቹ ሞተሩን ያሽከረክራሉ፤ ሞተሩም አየር በመሳብ፣ በማመቅና በሰበቃ ጉልበቱን ይበላል። ሙቀቱ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ምክር ጽኑ ሳይንሳዊ መሠረት አለው።

ፍጥነትም ወሳኝ ነው። በ7 በመቶ ቁልቁለት ላይ አውቶቡሳችን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በየሰከንዱ 69,000 ጁል ያህል መወገድ አለበት፤ በ18 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን ግማሹ ይበቃል። ዝግታ ጠቅላላውን ጉልበት አይቀንሰውም፤ ሙቀቱ የሚወጣበትን ጊዜ ግን ይሰጣል።

አንዳንዶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ማርሹን ዜሮ አድርገው ይወርዳሉ። ይህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ በሚመጠንባቸው ዘመናዊ ሞተሮች፣ መኪናው በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ መርጫው ይዘጋል፤ ማርሽ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ነዳጅ ሳይቆጥብ ዋናውን መከላከያውን ይጥላል።

ወደ ዳሎል ሲወረድስ?

ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ፣ በበረሃሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚወስደው ጉዞ የሙቀቱን ሒሳብ ይገለብጠዋል። በአካባቢው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ስለሚወረድ ውኃ ከ100 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ይፈላል። ነገር ግን ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በዳሎል የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ የአየር ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ራዲያተር የሚሠራው በውኃውና በአየሩ የሙቀት ልዩነት ነው። ውኃው 95 ሆኖ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 75 ነው፤ አየሩ 45 ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 50 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ራዲያተሩ የማቀዝቀዝ አቅሙን ሲሶ ያጣል። በዚያ በረሃ ለሰው የሚጠጣውና ለራዲያተር የሚጨመረው ውኃ ለየብቻ መያዝ አለባቸው። መኪና ቢቆምም ጥላውን ትቶ በእግር ርዳታ ፍለጋ መሄድ ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

ከመንገድ በፊት

ያነሣናቸው መፍትሔዎች ውድ አይደሉም። የራዲያተሩን ክዳን መፈተሽ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ ማየት፣ የፍሬን ዘይቱን በወቅቱ መለወጥ፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ ቆሞ ፍሬኑን መሞከርና ማርሽ መቀነስ ናቸው። ብዙዎቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድም ስንመለስም በእነዚህ ተራሮች እንጓዛለን፤ መሪውን ባንይዝም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ለሁላችንም ይደርሰናል። ያ ሽታ ሙቀቱ መውጫ እንዳጣ የሚነግረን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ሲሸተን «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ግሏል፤ እባክህ ቆም አድርገውና ይቀዝቅዝ» ማለት ሾፌሩን መዳፈር አይደለም። የተማርነውን ፊዚክስ ለነፍሳችን ማዋል ነው።

መልካም መንገድ!